የኦቦ ኢዶሳ አፍንጫ

መቶ አለቃ ሸዋነሽ ፉፋ ደበሳ እርሻ ኮሌጅ በር ላይ የደረሰችው በሲሚንቶ መኪና ተሳፍራ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር። የጣቢያዋ ላንድሮቨር ነዳጅ የለውም፤ የወሩ ነዳጅ በስብሰባ አልቋል። ስለዚህ የአውራጃው ብቸኛ ሴት መርማሪ ከአምቦ ተነስታ የጉደርን መንገድ ከረጢት ላይ ተቀምጣ መጣች። ስትወርድ ዩኒፎርሟ ዱቄት የነሰነሱበት መስሏል፤ ንዴቷም ከአቧራው አያንስም።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አፍንጫቸውን ወደ አፏ አስጠጉ።

«እፍ በይ» አሏት።

«ፖሊስ ነኝ እኮ!»

«ፖሊስም ይተነፍሳል። ደንብ ነው፤ የገባ ሁሉ እፍ ይላል።»

ሸዋነሽ ምርጫ አጥታ እፍ አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡ።

«ሽሮ። ነጭ ሽንኩርት በዝቶበታል። የዛሬ አይደለም፤ የትናንት ማታ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እንደ ማንኛውም ገቢ ስሟን ጥራዙ ላይ ራሷ ጻፈች። ከጥራዛቸው ላይ «የመጠጥ ሽታ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም» ይላል። «የለም» ላይ ምልክት አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሩ አተሙ። ከላይ ያለውን ቅጠል ገንጥለው ወደ ሣጥን ሲከቱ የካርቦን ግልባጩ ጥራዙ ላይ ቀረ። ስማቸው ኦቦ ኢዶሳ ነው። ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለሁለት ዓመት የሰው አፍ ሲያሸቱ ኖረዋል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ቀነዓ ፋይል ታቅፎ እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሪፖርቱ ተዘጋጅቷል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ሬሳውን ሳላይ?»

«ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የተማሪ ሥነ ምግባርና የመጠጥ ደንባችንን ይገመግማሉ። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ለሌሎች ኮሌጆችም ይተላለፋል። ስለዚህ ዲኑ ጉዳዩ ዛሬውኑ ይዘጋ ብለዋል።»

ሸዋነሽ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፦ «ተማሪ ደሊል አብዱልወሀብ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሰክሮ ሲንገዳገድ የከብት መንከሪያ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ያገኘው ዘበኛ ኢዶሳ ነው። የመጠጥ ሽታ፦ አለ። የሟች የመጨረሻ ቃል፦ ‹ጠጅ፣ ጠጅ›።»

«አረቄ ሸቷል ነው የተባልኩት በስልክ።»

«አዎ፣ አረቄ።»

«ታዲያ ጠጁ ከየት መጣ?»

ቀነዓ ትከሻውን ነቀነቀ። «የሰከረ ሰው የሚለውን መቼ ያውቃል?»

አስከሬኑ ክሊኒኩ ውስጥ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ሃያ ዓመት የሆነው፣ ቀጭን፣ ፂሙ ገና ያቀመቀመ ልጅ ነው። ሸዋነሽ ጎንበስ ብላ መረመረችው። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ወገቡ አረቄ አረቄ ይሸታል። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የተሰነጠቀው የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ነው። ከአጠገቡ የተገኘው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ሆዱ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፎ የተላጠ ይመስል አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት ይታያል። በጥፍሯ ፋቀችው። ገና ይጣበቃል።

ከክሊኒኩ በር ውጭ የልጁ አባት አቶ አብዱልወሀብ ቆመዋል። ጊንጪ ከተማ ባለሱቅ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ» አሏት፤ «ረመዳን ነው። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ጊንጪ እንቀብረዋለን። መኪናው ግን ያለ ወረቀት አይነሳም አሉኝ። ወረቀቱ ደግሞ ‹ሰክሮ ሞተ› ይላል። እኔ ልጄን መቅበሩን እቀብረዋለሁ። ስሙን ግን የት ልቅበረው?»

ሸዋነሽ ስንት አባት «ልጄ አይጠጣም» ሲል ሰምታለች። አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። ይህን ልትል ብላ የሰውዬውን እጅ ስታይ ተወችው። «እዚህ ግቢ የሚያውቁት ሰው አለ?» አለች።

«ዲኑ ጥሩሰው አለ እንጂ! የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ደሊልን አዝሎ ያሳደገ። አደራ ያልኩትም ለእሱ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ቤታችን ግን እስከ ዛሬ በቤት ስሙ ነው የምንጠራው፤ ልጆቼም ጋሼ ብለውት አያውቁም። ጥሩሰው ያለው የትምህርት ቤት አስተማሪው ነው።»

ሸዋነሽ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። እሷም ለእናቷ ኩሌ ናት፤ ሸዋነሽ ያላት የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ነው።

ዲኑ ጥሩሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ካኪ የለበሰ፣ ንግግሩን እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያስተካክል ሰው ነው። ቀበቶው ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ዳይሬክተሩ አዲስ አበባ ስለሆነ ግቢው በእሱ እጅ ነው።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለ። «አዝናለሁ። ግን ደንብ ደንብ ነው። ዘንድሮ ብቻ አሥራ አራት ሰካራም ተማሪ አባረናል።»

«የተባረሩት የት ሄዱ?»

«ዕድሜያቸው የደረሰ ብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። የአገር ግዴታ ነው።»

«ደሊልን ትናንት አይተውታል?»

«በመስኮቴ። አሥር ሰዓት ላይ ከወርቅቱ አረቄ ቤት ተመልሶ እየተንገዳገደ በበሩ ሲገባ።»

«ለምን አልጠሩትም?»

«ሰኞ ኮሚቴ ፊት ላቀርበው አስቤ ነበር።»

ሸዋነሽ የተናገረውን ጽፋ አስፈረመችው። ሳያመነታ ፈረመ። ቀነዓ ወርቅቱንና የደሊልን የመኝታ ጓደኛ ጉዴን በተጠርጣሪነት አስይዟቸው ነበር፤ አንዷ ሸጣለች፣ አንዱ አጠጥቷል ነው ነገሩ።

ወርቅቱ የመኖ መጋዘን ውስጥ ተዘግቶባታል። ሸዋነሽን ስታይ ከጆንያው ላይ ተነስታ ጮኸች።

«እቴ፣ አረቄ መሸጤን አልክድም፤ ልጆቼን የማሳድገው በምን ሆነና! ያ እስላሙ ልጅ ግን ጠጥቶልኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ መጣ፤ እሱም ሊጠይቀኝ። ‹ጉዩ ሰክሮ ተገኘ በተባለበት ቀን አንቺ ዘንድ ጠጥቷል ወይ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ጥቅምት ሚካኤል ዕለት እኮ ነው! ጉደር ለቅሶ ነበርኩ፤ ቤቴ ተዘግቶ ነው የዋለ። ይህን ስነግረው ልጁ ዕንባው መጣ።»

«ጉዩ ማን ነው?»

«የልቡ ጓደኛ ነበር። አባረሩት፤ ጦር ሜዳ ሄደ፤ መርዶው በሁዳዴ መጣ።»

ሸዋነሽ ጠርሙሱን አሳየቻት። ወርቅቱ ቀዩን ክር ዳሰሰች። «የኔ ነው። ለፋሲካ ከቀዳሁት ነው፤ ለበዓል ብቻ ነው ቀይ ክር የማስረው። ለጉዴ ነው የሸጥኩት።»

ጉዴ ዓይኑ የቀላ፣ ምላሱ የሰላ ተማሪ ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ እጠጣለሁ። ግቢው በሙሉ ያውቃል። የማይጠጡት ሲባረሩ እኔ እዚሁ አለሁ። ለምን ቢሉ አጎቴ የፓርቲ ሰው ነው።»

«ይህን ጠርሙስ ለደሊል ሰጥተኸዋል?»

«ለደሊል? እኔ ስጠጣ መስኮት የሚከፍት ልጅ ነበር! ጠርሙሱን የፋሲካ ዋዜማ ዲኑ ቀማኝ። ራሱ ስሜን ጽፎ ለጠፈበትና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈው። ከዚያ መክሮ ለቀቀኝ። እኔ ተመከርኩ፣ ጉዩ ሞተ!»

ሸዋነሽ ከዚያ ስትወጣ ራሷን አሟት ነበር። ግቢው በሙሉ ስለ መጠጥ ያወራል፤ መፈክሩ ስለ መጠጥ፣ ሪፖርቱ ስለ መጠጥ። ስለ ሞተው ልጅ ያወራላት አረቄ ሻጯና ሰካራሙ ብቻ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ደንብ ነው አገር የሚማረው!

ወደ በሩ ተመልሳ ከኦቦ ኢዶሳ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው ተፈታ። አማርኛቸው ለበር ብቻ የምትበቃ ናት፤ በቋንቋቸው ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑ። ያዩትን አንድ በአንድ ነገሯት። አንዲት ጊደር ወደ መንከሪያው ስትሄድ ሊመልሷት ሄደው ነው ያገኙት። መድኃኒት ስላልመጣ ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። ልጁ በጀርባው ወድቆ ገና ይተነፍሳል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምን አለዎት? እሱ እንዳለው፣ ቃሉን ሳይለውጡ።»

ኦቦ ኢዶሳ ነገሯት። ሸዋነሽ ቃሉን እንዳለ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረች።

«ጆሮዎን ሲያስጠጉ፣ አፍንጫዎስ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አሉ ሽማግሌው። «ቀነዓ ‹ሽታ አለ?› አለኝ፤ ‹አዎ፣ ልብሱ ላይ› አልኩት። ወረቀቱ የት ብሎ አይጠይቅም።»

ከመነሳቷ በፊት ጥራዞቹን አስወጣቻቸውና ከቀነዓ ከተቀበለችው የተባረሩ ተማሪዎች ዝርዝር ጋር አስተያየቻቸው። የሁለት ዓመት የካርቦን ግልባጭ ዘበኛ ቤቱ ጥግ ተከምሯል። ሐሙስ ዕለት የኮሚቴው የተማሪ ተወካይ የነበረው ደሊልም «ሰኞ እንግዶቹ ፊት አነበዋለሁ» እያለ እዚሁ ቁጭ ብሎ ሲያገላብጥና ሲገለብጥ ውሎ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ግድግዳው ላይ ለነገዎቹ እንግዶች «ስካርን ከግቢያችን ጠራርገን እናጠፋለን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ዲኑ በወንበሩ፣ ቀነዓ ከጎኑ፣ ወርቅቱና ጉዴ አግዳሚ ላይ፣ ኦቦ ኢዶሳ በር አጠገብ፣ አቶ አብዱልወሀብ ደግሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አስከሬኑ የተጫነበትን መኪና ያያሉ። ሸዋነሽ ከጉደር በስልክ ያስጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ባጭሩ» አለ ዲኑ ሰዓቱን እያየ።

«በጣም ባጭሩ። እስቲ ከራስ ቅሉ ልጀምር። ሰካራም ሲንገዳገድ ጉድጓድ ከገባ ወደፊት ይደፋል፤ ፊቱ፣ መዳፉ፣ ጉልበቱ ይላጣል። ደሊል ጭረት የለውም። በጀርባው ነው የወደቀው። ከፊቱ ካለ ሰው ጋር እየተነጋገረ ጉድጓዱን ጀርባ ሰጥቶ ነበር።»

«ግምት ነው።»

«ይሁን። ኦቦ ኢዶሳ፣ የልጁ አፍ ምን ይሸት ነበር?»

ሽማግሌው ቆሙ። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ሸዋነሽ ወደ አማርኛ መለሰችው። «አረቄ ልብሱ ላይ ነው። አፉ ውስጥ አረቄ የለም፣ ጠጅ የለም፣ ምሳም የለም። ደረቅ አፍ ነው። ረመዳን ከገባ ጀምሮ የእስላም ተማሪዎች ሁሉ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ይሸታሉ። ጾመኛ ነበር።»

አቶ አብዱልወሀብ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ።

«ስለዚህ አረቄው የፈሰሰበት ከወደቀ በኋላ ነው» አለች ሸዋነሽ። «የማን አረቄ? የወርቅቱ፤ ቀይ ክሩ የፋሲካ ነው። የገዛው ጉዴ ነው። ከጉዴ የቀማው፣ ስሙን ለጥፎ የቆለፈበት ዲኑ ነው። ለጣፊው ወረቀቱን ላጠው፤ ሙጫው ግን ቀረ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት ነው፣ አቶ ጥሩሰው?»

ዲኑ እጁን ሳያስበው ወደ ቀበቶው ሰደደ።

«ሰው ሊሰርቀው ይችላል። እኔ ልጁን ከአረቄ ቤት ሲመለስ አይቻለሁ!»

«በበሩ ሲገባ አየሁ ብለው ፈርመዋል። በዚህ በር የገባ ሁሉ እፍ ይላል፤ እኔን እንኳ አልማሩኝም። የቅዳሜን ግልባጭ አየሁ። አርባ ሁለት ሰው ገብቷል። ደሊል የለም። ስላልወጣ አልገባም። የገዛ ደንብዎ ነው የመሰከረብዎ።»

ጉዴ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። ቀነዓ የሪፖርቱን ጠርዝ በጣቱ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«አሁን ወደ ምክንያቱ። እርስዎ ለአዲስ አበባ በላኩት ዝርዝር አሥራ አራት ሰካራም አለ። በኦቦ ኢዶሳ ጥራዝ ግን ከእነዚያ ውስጥ አሥራ አንዱ ላይ ምልክቱ ‹የለም› ነው። ጉዩም ‹የለም› ነው። ደንቡ እንደሚሠራ ለማሳየት ቁጥር ያስፈልግ ነበር፤ አጎት የሌላቸው ልጆች ቁጥር ሆኑ። ደሊል የኮሚቴው የተማሪ ተወካይ ነበር። ነገ እንግዶቹ ፊት ሊያነበው ነበር።»

«ዘበኛ ማንበብ አይችልም!» አለ ዲኑ። «ምልክቱን ሊያሳስት...»

«አልጽፍም» አሉ ኦቦ ኢዶሳ በአማርኛ፣ ጠቆር ያለውን አውራ ጣታቸውን እያነሱ። «ይህ ግን አይዋሽም።»

ሸዋነሽ ወደ ቀነዓ ዞረች። «አሁን ደግሞ ያንተ ጠጅ። ኦቦ ኢዶሳ ደሊል ምን አለ አሉህ? በኦሮምኛ፣ እንዳሉህ።»

«‹ዳዲ፣ ዳዲ ጄዴ› አሉኝ» አለ ቀነዓ፤ «‹ዳዲ፣ ዳዲ አለ› ማለታቸው ነው። ዳዲ ማለት ጠጅ ነው። ሪፖርት በአማርኛ ስለሆነ ‹ጠጅ› ብዬ ጻፍኩ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ኦቦ ኢዶሳም ስለ ጠጅ መስሏቸዋል፤ እዚህ ግቢ ሌላ ወሬ አለ እንዴ? ግን ያልጠጣ፣ አረቄ የፈሰሰበት ልጅ፣ በጾም አፉ ስለ ጠጅ ለምን ያወራል? አቶ አብዱልወሀብ፣ አንዴ ይቅርታዎን። የጎረቤትዎን ልጅ ቤታችሁ በምትጠሩት ስም ይጥሩልኝ።»

ሽማግሌው ነጋዴ ያለችው ገና አልገባቸውም ነበር። ኮፍያቸውን ከፊታቸው አንስተው፣ ሱቃቸው ደጃፍ እንደቆሙ ያህል፣ «ዳዲ!» አሉ።

«አቤት!» አለ ዲኑ።

አፉ ነው የቀደመው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው አቶ አብዱልወሀብ የገባቸው። ቀስ ብለው ተነሱ።

«አንተን ነው የጠራው? ልጄ ሲሞት አንተን ነው የጠራው?»

ጥሩሰው ፊቱ አመድ መሰለ። «ልገለው አልነበረም» አለ። «ወረቀቱን ይዞ መጣ። ‹ዳዲ፣ ሰኞ ሳይደርስ አንተው አስተካክለው፤ ላዋርድህ አልፈልግም› አለኝ። ሰው እንዳይሰማን ወደ መንከሪያው ወሰድኩት። ወረቀቱን ስነጥቀው ወደ ኋላ ሄደ። ለዚህ ደንብ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። አዲስ አበባ ሊወስዱኝ ነበር።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ልጁ ያዘለውን ሰው መጠርጠር አልቻለበትም፤ ዲኑ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። ሸዋነሽ ግን ተረት አልታያትም።

«ከመንከሪያው እስከ ክሊኒኩ መቶ እርምጃ ነው» አለች። «ቆጥሬዋለሁ። እስከ ቢሮዎ ሁለት መቶ ነው። ልጁ ይተነፍስ ነበር፤ እርስዎ ወደ ቢሮዎ ሄዱ። ጠርሙስ ሊያመጡ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አቶ አብዱልወሀብ ዞር ብለው አላዩትም። ወርቅቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

ቀነዓ ግን ሪፖርቱን እንደታቀፈ ተጠጋ። «ጓድ መቶ አለቃ... ነገ ታዲያ ደንቡን ማን ያቀርበዋል? እንግዶቹ እኮ በሦስት ሰዓት ይደርሳሉ።»

ሸዋነሽ ልትጮህበት ነበር። ጸሐፊው ክፉ ሰው እንዳልሆነ ስታስብ የባሰ ተናደደች።

«ወረቀቱን አምጣ» አለችው።

«ሰክሮ» የሚለውን ሰርዛ «በሰው እጅ» ብላ ጻፈች። «ጠጅ፣ ጠጅ» የሚለውን ሰርዛ ሰውየውን በስሙ ጻፈችው። «አለ» የሚለውን ሰርዛ «የለም» ላይ ምልክት አደረገች። ይህም አልበቃትም። ለሚቀጥለው ነገር ወረቀቱ ሳጥን ስላልነበረው ጠርዙ ላይ በእጇ ጽሑፍ «ጾመኛ ነበር» ብላ ጨመረችና ፈረመች።

«የዲኑ ማኅተም ያስፈልገዋል» አለ ቀነዓ በፍርሃት። «ያለ ማኅተም አይጸናም።»

«ማኅተሙ ይቅር» አሉ አቶ አብዱልወሀብ። ወረቀቱን ከሸዋነሽ እጅ ወስደው በር አጠገብ ወዳሉት ዘበኛ ሄዱ። «ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ኦቦ። አንተ አትምልኝ።»

ኦቦ ኢዶሳ የቀለም ሣጥናቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አውራ ጣታቸውን ነክረው፣ ልጁ «ዳዲ» ሲል ጆሯቸውን እንዳስጠጉት ሁሉ ጎንበስ ብለው፣ «ጾመኛ ነበር» ከሚለው ሥር ረግጠው አተሙ። አባትየው ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና መኪናው ላይ ወጡ።